የካርድ ክፍሉ በር በኮምፒውተር ውስጥ፦ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የፋይልና የፎልደር ፈቃድን የሚቆጣጠርበት አሠራርና የሕሙማን ምስጢር

መግቢያ

የሕሙማን ምስጢር በጤና ተቋማት ሲጠበቅ የኖረው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው የጤና ባለሙያው በምረቃው ዕለት የሚፈጽመው ቃለ መሐላ ሲሆን፣ ሁለተኛው የካርድ ክፍሉ በር ነው። ቃለ መሐላው ባለሙያው ያየውንና የሰማውን እንዳያወራ ያስረዋል፤ በሩ ደግሞ ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው ከመጀመሪያውም እንዳያይ ይከለክላል። ከበሩ ኋላ የተቀመጠው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ካርድ የሚጠይቀውን ሰው ማንነት ይለያል፤ ከየትኛው ክፍል እንደተላከ ያጣራል፤ ካርዱ ሲወጣ ይመዘግባል፤ ሳይመለስ ከቀረም ይፈልጋል።

የሕክምና መረጃ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በተሸጋገረ ቁጥር የዚህን ሠራተኛ ተግባር የሚረከበው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛ ሥርዓተ ክወና የሚባለው፣ የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም አንድ ፋይል እንዲከፈት ሲጠየቅ «የጠየቀው ማን ነው? ምን እንዲያደርግስ ተፈቅዶለታል?» ብሎ ያጣራል። ይሁን እንጂ ለነዚህ ጥያቄዎች መልሱን አስቀድሞ ማስቀመጥ ያለበት ተቋሙ ነው። ተቋሙ መልስ ሳይሰጥ ከቀረ ወይም «ሁሉም ይግባ» ብሎ ከመለሰ በሩ ተከፍቶ ያድራል። የካርድ ክፍሉ በር ተከፍቶ ቢያድር ጠዋት የሚገባ ሁሉ ያየዋል፤ የኮምፒውተሩ በር ግን ተከፍቶ ዓመታት ቢያስቆጥርም ላያስታውቅ ይችላል።

ጉዳዩ ሁሉንም የጤና ተቋማት የሚመለከት ቢሆንም በደቡብ ቆላማ ከተሞች የተለየ ክብደት አለው። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በነገሌ ቦረና፣ እንዲሁም በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌና በፊልቱ ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ ሳይሆን በአባቱ፣ በጎሳውና በቀዬው ጭምር ነው። በትልቅ ከተማ የአንድ የኤች.አይ.ቪ. ታካሚ ስም አንድ የማይመለከተው ሠራተኛ ዓይን ውስጥ ቢገባ ስሙን ያየው ሰው ላያውቀው ይችላል። በትንሽ ከተማ ግን ያየው ሰው ጎረቤቱ ወይም የባለቤቱ ዘመድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚህም ሌላ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ አካባቢዎች ግጭትና መፈናቀል እንደነበረ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስማቸው፣ ቀበሌያቸውና ስልክ ቁጥራቸው የተጻፈ የቁስለኞች ዝርዝር ከማይገባው ሰው እጅ ቢወድቅ ጉዳቱ ከኃፍረት አልፎ ሕይወትን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የፋይልና የፎልደር ፈቃድን እንዴት እንደሚቆጣጠር ለጤና ባለሙያዎች ማስረዳት፣ ቁጥጥሩ የማይደርስበትን ቦታ ማሳየትና በአንድ ሆስፒታል ደረጃ ሊወሰዱ የሚገባቸውን እርምጃዎች ማመልከት ነው።

ተጠቃሚን መለየት

የፈቃድ ቁጥጥር ሁለት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ተጠቃሚው «እኔ እገሌ ነኝ» ሲል እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ይህም በይለፍ ቃል፣ በጣት አሻራ ወይም በመሰል ዘዴ ይከናወናል። ሁለተኛው ማንነቱ የተረጋገጠው ተጠቃሚ ምን ማድረግ እንደሚችል መወሰን ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የይለፍ ቃል መኖሩ ብቻውን ፈቃድን አይገድብም፤ ሰውየው በሩን ካለፈ በኋላ በየትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚወስነው ሁለተኛው ደረጃ ነው።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሰዎችን የሚያውቃቸው በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው። አንድ ነርስ በራሷ አካውንት ስትገባ መለያ ቁጥሯና አባል የሆነችባቸው ቡድኖች ዝርዝር ከርሷ ጋር ይያያዛሉ። ከዚያ በኋላ የምትከፍተው ፕሮግራም ሁሉ ይህንኑ መለያ ይዞ ይንቀሳቀሳል። ፋይሉን የሚጠይቀው ኤክሴል ወይም ወርድ ቢሆንም ሲስተሙ የሚያየው ከኋላው ያለችውን ነርስ ነው። በዊንዶውስ ይህ መለያ የሚዘጋጀው ተጠቃሚው በሚገባበት ቅጽበት ነው። ስለሆነም አንድ ባለሙያ ወደ አዲስ ቡድን ሲጨመር ወይም ከቡድን ሲቀነስ ለውጡ በትክክል የሚታየው ወጥቶ እንደገና ሲገባ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ መሠረታዊ ነጥብ አለ። በአንድ ክፍል የሚሠሩ ስድስት ባለሙያዎች በአንድ አካውንትና በአንድ የይለፍ ቃል የሚጠቀሙ ከሆነ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ስድስቱም አንድ ሰው ናቸው። ለአንዱ የተፈቀደው ለሁሉም ይፈቀዳል፤ አንዱ ያጠፋው በማን እንደጠፋ አይለይም። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ሰባተኛው ሰው በዚያ የሚያልፍ ማንኛውም ሰው ነው።

ባለቤት፣ ቡድንና ሌሎች

ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የተባሉት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሠሩ። ሊኑክስ የተከተለው የዚህኑ አሠራር ሲሆን፣ ዲኤችአይኤስ2ን የመሳሰሉ የጤና መረጃ ሥርዓቶች በአብዛኛው የሚጫኑት በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። የአንድሮይድ ስልኮችና ታብሌቶችም መሠረታቸው ሊኑክስ ነው።

በዩኒክስ አሠራር እያንዳንዱ ፋይል አንድ ባለቤትና አንድ ቡድን አለው። ከነዚህ ውጪ ያለው ተጠቃሚ ሁሉ «ሌሎች» ይባላል። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ፈቃዶች ይሰጣሉ ወይም ይከለከላሉ፦ ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ። ማንበብ በ4፣ መጻፍ በ2፣ ማስኬድ በ1 ቁጥር ይወከላሉ። በዚህ መሠረት 640 የሚል ምልክት ያለው ፋይል ባለቤቱ የሚያነበውና የሚጽፍበት፣ ቡድኑ የሚያነበው ብቻ፣ ሌሎች ግን የማይነኩት ፋይል ነው። 777 የተባለው ደግሞ ማንም ያሻውን እንዲያደርግበት የተተወ ነው።

ይህ አሠራር ለቦረና ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ቱላ የሚባሉት ዘጠኝ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች የሚተዳደሩት በተመሳሳይ ሐሳብ ነው። ጉድጓዱን በቆፈረው ሰው መብት ላይ የተመሠረተ፣ ኮንፊ የሚባል ኃላፊ አለ። የእርሱ ጎሳ አባላት የራሳቸው መብት አላቸው፤ ከዚያ ውጪ ያለው ሰው ደግሞ በስምምነትና በወረፋ ያጠጣል። የዕለቱን ወረፋ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ የሚባለው ነው። ውኃው የሚበቃውና ጠብ የማይነሳው ማን፣ መቼና በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀርብ አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው። በፋይል ሥርዓትም ባለቤቱ፣ ቡድኑና ሌሎቹ አስቀድመው ይለያሉ፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም እንደ አባ ሄሬጋ የተወሰነውን ያስከብራል።

ለፎልደር ሦስቱ ፈቃዶች ትርጉማቸው በመጠኑ ይለወጣል። ፎልደርን ማንበብ ማለት በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ስም መዘርዘር ነው። በፎልደር ላይ መጻፍ ማለት በውስጡ አዲስ ፋይል መፍጠር፣ ስም መለወጥና ማጥፋት ነው። ማስኬድ የተባለው ደግሞ በፎልደሩ ውስጥ ማለፍ መቻል ነው። ከዚህ ብዙዎችን የሚያስገርም ውጤት ይመነጫል፦ አንድን ፋይል ማንበብም ሆነ መለወጥ የተከለከለ ሰው፣ ፋይሉ በተቀመጠበት ፎልደር ላይ የመጻፍና የማለፍ ፈቃድ ካለው ፋይሉን ሊያጠፋው ይችላል። ምክንያቱም ማጥፋት ማለት ስሙን ከፎልደሩ ዝርዝር መፋቅ ነው። ለዚህ መከላከያ ብዙ ሰዎች በሚጋሩት ፎልደር ላይ የፋይሉ ወይም የፎልደሩ ባለቤት ብቻ እንዲያጠፋ የሚያዝ ተጨማሪ ምልክት ይደረጋል። በመሆኑም የላቦራቶሪ ውጤት ፋይሎችን «እንዳይለወጡ» አድርጎ ማስቀመጥ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የፎልደሩም ፈቃድ መታየት አለበት።

የዊንዶውስ የፈቃድ ዝርዝር

በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች ጠረጴዛ ላይ በብዛት የሚገኘው ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ 95 እና 98 በፋይል ደረጃ ፈቃድን የሚለዩ አልነበሩም፤ የይለፍ ቃል መጠየቂያውን ሰርዞ መግባትም ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ግን ኤንቲኤፍኤስ የተባለ የፋይል አቀማመጥ ይዞ መጣ። የዛሬዎቹ የዊንዶውስ ዓይነቶች ሁሉ የዚህ ዘር ናቸው።

በኤንቲኤፍኤስ እያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር የራሱ የፈቃድ ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ እንደ ዩኒክስ በሦስት ወገኖች ሳይወሰን ብዙ ሰዎችንና ቡድኖችን ሊይዝ ይችላል። ለምሳሌ «ኤአርቲ ነርሶች» ለተባለው ቡድን ማንበብና መለወጥ፣ «ፋርማሲ» ለተባለው ማንበብ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ ሰው አይገባም። መፍቀድ ብቻ ሳይሆን መከልከልም በግልጽ ሊጻፍ ይችላል። በአንድ ደረጃ ላይ ፈቃድና ክልከላ ከተጋጩ ክልከላው ያሸንፋል።

ፈቃድ ይወረሳል። ዋናው ፎልደር ላይ የተሰጠ ፈቃድ በውስጡ ወዳሉት ፎልደሮችና ፋይሎች ይወርዳል። ይህ ሥራን የሚያቀልል ቢሆንም ስሕተትንም ያባዛል፤ በላይኛው ፎልደር ላይ «ሁሉም ሰው» የሚለው ቡድን ሙሉ ፈቃድ ከተሰጠው በውስጡ ያለው ሁሉ፣ ውርሱ ካልተቋረጠ በስተቀር፣ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። በተጨማሪም ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር ሲቀዳ የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። በመሆኑም በኤአርቲ ፎልደር ውስጥ የተጠበቀ ዝርዝር «ለሪፖርት» ተብሎ ወደ ጋራ ፎልደር በተቀዳ ቅጽበት ጥበቃውን ያጣል። ዋናው ፋይል እንደተጠበቀ ነው፤ ቅጂው ግን ሌላ ፋይል ነው።

ፎልደሩ በኔትወርክ ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚጋራ ከሆነ ሁለት በሮች አሉ ማለት ነው። አንደኛው የማጋራት ፈቃድ፣ ሁለተኛው የፋይሉ የራሱ ፈቃድ ነው። ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ይሠራል። በዚያው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ግን የማጋራቱ በር አያገኘውም። ስለዚህ ፋይልን በማጋራት ፈቃድ ብቻ የጠበቀ ተቋም በኮምፒውተሩ ላይ ከሚቀመጠው ሰው አልጠበቀውም።

አስተዳዳሪውና አነስተኛ ሥልጣን

በማንኛውም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከሁሉ በላይ ሥልጣን ያለው አካውንት አለ። በዩኒክስና በሊኑክስ መለያ ቁጥሩ 0 ሲሆን፣ በዊንዶውስ አስተዳዳሪ ይባላል። ይህ ተጠቃሚ ፕሮግራም ይጭናል፤ አካውንት ይከፍታል፤ የሌላውን ፋይል ባለቤትነት መውሰድም ይችላል። በመሆኑም ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሚሰጠው ፈቃድ ብቻ ከአስተዳዳሪው የሚሰወር ምስጢር የለም።

ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ እያንዳንዱ ፕሮግራምና ተጠቃሚ ለሥራው የሚያስፈልገውን አነስተኛ ሥልጣን ብቻ ይዞ መሥራት እንዳለበት አስቀምጠዋል። ለጤና ባለሙያ ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ለሕመሙ የሚበቃውን መጠን እንጂ በመጋዘን ያለውን መድኃኒት ሁሉ ለታካሚ የሚያዝዝ ሐኪም የለም።

ጥቅሙ ከምስጢር ያለፈ ነው። በፍላሽ ወይም በኢሜይል የገባ ቫይረስ በመጀመሪያ የሚሠራው በዚያ ሰዓት በገባው ተጠቃሚ ሥልጣን ነው። ተጠቃሚው አስተዳዳሪ ከሆነ ቫይረሱም አስተዳዳሪ ሊሆን ይችላል፤ ተራ ተጠቃሚ ከሆነ ግን ጉዳቱ በአብዛኛው ያ ሰው በሚደርስባቸው ፋይሎች ይወሰናል። ይሁንና የፈቃድ ቁጥጥር በሲስተሙ በራሱ ጤንነት ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል አጋች ቫይረስ የዊንዶውስን ቀዳዳ ተጠቅሞ ሲዛመት በእንግሊዝ ከሚገኙት 236 የመንግሥት የጤና ድርጅቶች ቢያንስ 81 ያህሉን አውኳል። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ በመሆኑም በዚህ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ያሉባቸው ተቋማት ሊያስቡበት ይገባል።

ፈቃድ የማይደርስበት ቦታ

የፋይል ፈቃድ የሚከበረው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ ላይ እስካለና ፋይሉ በእርሱ ጥበቃ ሥር እስከቆየ ድረስ ነው። ከዚህ ውጪ ያሉት ሁኔታዎች በተለይ ኔትወርክ በሚቆራረጥባቸው ከተሞች የተለመዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ፍላሽ ነው። አብዛኞቹ ፍላሾች የተዘጋጁበት የፋይል አቀማመጥ ባለቤትንም ሆነ የፈቃድ ዝርዝርን አይመዘግብም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሪፖርት በፍላሽ ወደ ወረዳ ወይም ወደ ዞን ሲላክ፣ በፋይሉ ላይ የነበረው ፈቃድ ሁሉ በሆስፒታሉ ይቀራል። ፍላሹ በአውቶቡስ ውስጥ ቢወድቅ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል። ሁለተኛው ሃርድ ዲስኩ ራሱ ነው። ለጥገና ተፈትቶ የሄደ ወይም የተሰረቀ ዲስክ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲገጠም የዚያኛው ኮምፒውተር አስተዳዳሪ ያዝዝበታል። ሦስተኛው የታተመ ወረቀትና በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶግራፍ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መድኃኒቱ ማመስጠር ነው። ማመስጠር ማለት የፋይሉን ይዘት ያለ ቁልፍ ወደማይነበብ ኮድ መለወጥ ነው። የተመሰጠረ ፍላሽ ቢጠፋም ይዘቱ ቁልፉ ለሌለው ሰው ትርጉም አይሰጥም። ይሁን እንጂ ቁልፉ ከጠፋ መረጃው ለባለቤቱም ይጠፋል፤ ስለዚህ ቁልፉ በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ካዝና መቀመጥ ይኖርበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማንነትን የሚገልጽ መረጃ ሳያስፈልግ አለመላክ ነው። ወርኃዊ ሪፖርት የሚፈልገው ቁጥር ከሆነ ስም ምን ይሠራል?

ከሌሎች አገሮች የተገኙ ሁለት ትምህርቶች

በፊንላንድ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የዓይን ክሊኒክ ትሠራ የነበረች ነርስ በዚያው ሆስፒታል የኤች.አይ.ቪ. ክትትል ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1992 የሥራ ባልደረቦቿ ሕመሟን ሳያውቁ እንዳልቀሩ ጠረጠረች። በዚያን ጊዜ የሆስፒታሉ ሠራተኞች የታካሚዎችን መዝገብ ያለ ገደብ ማየት ይችሉ ነበር። ማን መዝገቧን እንደተመለከተ እንዲጣራላት ስትጠይቅ ሊታወቅ አልቻለም፤ ሥርዓቱ ይይዝ የነበረው የመጨረሻዎቹን አምስት ምልከታዎች ብቻ ሲሆን፣ እነርሱም በሰው ሳይሆን በሥራ ክፍል የተመዘገቡ ነበሩ። በአገሯ ፍርድ ቤቶች ማስረጃ ማቅረብ ባለመቻሏ ተረታች። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ግን ጁላይ 17 ቀን 2008 በሰጠው ፍርድ መንግሥት የግል ሕይወቷን የመጠበቅ ግዴታውን እንዳልተወጣ ወሰነ። የፍርዱ ቁም ነገር ጥፋት ሲፈጸም ካሳ መጠየቅ መቻሉ በቂ አለመሆኑ ነው፤ የማይመለከተው ሰው ከመጀመሪያውም እንዳያይ የሚያግድ ተግባራዊ ጥበቃ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በፖርቱጋል የተከሰተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን በባሬሮ ሞንቲዮ ሆስፒታል ላይ የ400,000 ዩሮ ቅጣት ጣለ። ሆስፒታሉ የነበሩት ሐኪሞች 296 ሲሆኑ በሐኪም ደረጃ የተከፈቱት አካውንቶች ግን 985 ሆነው ተገኙ። በጊዜያዊነት ሠርተው የሄዱ ሐኪሞች አካውንት አልተዘጋም ነበር። ሐኪሞችም የሙያ ዘርፋቸው ሳይለይ የሁሉንም ታካሚ ማኅደር መክፈት ይችሉ ነበር። የባለሙያ ዝውውር በሚበዛባቸው የቆላ ከተሞች ይህ ምሳሌ ትኩረት ያሻዋል። ባለሙያው ተዛውሮ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍና የሆስፒታሉን ንብረት እንዲያስረክብ ይጠየቃል፤ አካውንቱም በዚያው መልቀቂያ ቅጽ ላይ ሊጠየቅ ይገባል።

የአገራችን ሕግ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን መግለጥ ያስቀጣል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ዳታ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ጤና ሁኔታ የሚገልጽ ዳታን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መካከል አስቀምጧል። እዚህ ላይ «ያለ ፈቃድ» የሚለው ቃል ሊጤን ይገባል። ፈቃዱ ለማን እንደተሰጠ ባልተወሰነበት፣ ሁሉም በአንድ አካውንት በሚገባበት ተቋም፣ ማን ያለ ፈቃድ እንደገባ ማስረዳት እጅግ አዳጋች ነው።

በሆስፒታል ደረጃ ሊደረግ የሚገባው

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ አንድ የአይቲ ባለሙያና የአመራሩ ውሳኔ ይበቃቸዋል።

1. ለእያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ አካውንት ይከፈት። አንድ ኮምፒውተር ሦስት ተረኞች የሚጠቀሙበት ቢሆንም ሦስት አካውንቶች ሊኖሩት ይችላል። ተረኛው ሲነሣ ስክሪኑን ይቆልፍ፤ ከረሳውም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲቆለፍ ይደረግ።

2. ፈቃድ ለሰው ሳይሆን ለቡድን ይሰጥ። ካርድ ክፍል፣ ተመላላሽ ሕክምና፣ ኤአርቲ፣ ቲቢ፣ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲና ሪፖርት ክፍል የየራሳቸው ቡድንና ፎልደር ይኑራቸው። ባለሙያው ክፍል ሲለውጥ ከአንዱ ቡድን ወጥቶ ወደ ሌላው ይግባ። የፆታ ጥቃት የደረሰባቸው ታካሚዎች መረጃ ከሌላው ተለይቶ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚከፈት ይሁን።

3. የዕለት ሥራ በአስተዳዳሪ አካውንት አይከናወን። የአይቲ ባለሙያውም ቢሆን ሁለት አካውንት ይኑረው፤ አንዱ ለዕለት ሥራው፣ ሌላው ለጥገና።

4. ባለሙያ ሲለቅ አካውንቱ በዚያው ዕለት ይታገድ። በዊንዶውስ የተሰረዘ አካውንት በዚያው ስም እንደገና ቢከፈት አዲስ መለያ ቁጥር ስለሚሰጠው የቀድሞው አይሆንም። ስለዚህ በመጀመሪያ ማገድ፣ ማጣራቱ ሲያልቅ መሰረዝ ይመረጣል።

5. ማን መቼ እንደከፈተ ይመዝገብ። በዊንዶውስ ይህ ምዝገባ አለ፤ ነገር ግን ካልታዘዘ ፋይል የከፈተን ሁሉ አይመዘግብም። ተመዝግቦም የሚያነበው ከሌለ ጥቅም የለውም። በወር አንድ ጊዜ ኃላፊው ቢያየው በቂ ጅምር ነው።

6. የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፈቃድ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይታወቅ። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ዲኤችአይኤስ2 በውስጡ የራሱ የፈቃድ ሥርዓት አለው። ይኸውም ተጠቃሚው ምን መሥራት እንደሚችል በተሰጠው ሚና፣ የየትኛውን ተቋም መረጃ እንደሚያይ በተመደበበት ድርጅት ይወሰናል። ይሁን እንጂ ከዚያ ወጥቶ በኤክሴል ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ፋይል ከዚህ ጥበቃ ውጪ ነው።

የፈቃድ ቁጥጥር ሲጠብቅ ሊዘነጋ የማይገባው ሌላ ወገን አለ። ሌሊት በጥይት የቆሰለ አርብቶ አደር ወይም ደም የሚፈስሳት እናት ስትመጣ ተረኛው ሐኪም የቀድሞ መረጃዋን ማየት አለበት። «ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ በዚያ ሰዓት ምስጢር መጠበቅ ሳይሆን ሕክምና መከልከል ነው። ለዚህ የሚበጀው የአደጋ ጊዜ ፈቃድ ነው። ተረኛው ምክንያቱን ጽፎ እንዲገባ ይፈቀድለታል፤ መግባቱ ግን በስሙ ይመዘገባል፤ በማግሥቱም ኃላፊው ያየዋል። እንዲህ ያለው አሠራር ባልተዘጋጀበት ሆስፒታል ባለሙያዎች የይለፍ ቃል መለዋወጥ ይጀምራሉ፤ የተዘጋውም በር በጓሮ ይከፈታል።

ማጠቃለያ

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሕሙማንን ምስጢር የመጠበቅ አቅም አለው፤ ፈቃዱ ግን የለውም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የሆስፒታሉ አመራርና ባለሙያ ነው። ተጠቃሚን በየስሙ መለየት፣ ለሥራው የሚበቃውን ብቻ መስጠት፣ የሄደውን ማስወጣትና የገባውን መመዝገብ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በወረቀት ዘመን ሲሠራው የኖረ ተግባር ነው። የማን ካርድ ለማን እንደሚሰጥ መወሰን የሙያ ጉዳይ በመሆኑ ለአይቲ ባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም። የትኛው መረጃ ማንን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያውቀው ታካሚውን የሚያክመው ሰው ነው። ከሩቅ ቀዬ ተነሥታ፣ ማንም እንዳያውቅባት ፊቷን ሸፍና ወደ ነገሌ የምትመጣ ታካሚ ኮምፒውተሩን አታውቀውም፤ የምታምነው ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ባለሙያ ነው።